በእሳቱ ሰ

ወሩ በገባ በ2ኛው ቀን

ሚጣዬ፣

እንዴት ከረምሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም እንደ ቆየ ነው፣ ጆሮዬም እንደዚያው። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሶስት ሳምንት ሆኖታል፤ ዝም ያልኩሽ ንቄሽ እንዳይመስልሽ። «ስልክ ብደውል አይቀልሽም ወይ?» ላልሽው፣ አይቀለኝም። ባለፈው አንቺ «አባዬስ?» ስትዪ እኔ «አዎ በልቻለሁ» ብዬሽ የሳቅሽብኝን አልረሳሁም። ወረቀት ይሻለኛል። ወረቀት አስር ጊዜ ድገምልኝ ብለው አይሰለቸኝም።

የኮሌጁ የኪነ ጥበብ ወር ገብቷል። በእናንተ ጊዜ አንድ ሳምንት ነበር፣ ዘንድሮ ወር ሙሉ አድርገውታል። ግጥም፣ ሙዚቃ፣ የስእል ትርኢት፣ መዝጊያው ላይ ቲያትር። ዝግጅቱ አራት እጥፍ ሆነ፣ አዳራሹን የምትከፍተውና ወንበር የምትደረድረው ግን ያችው እኔ አክስትሽ ነኝ። መክፈቻው ግጥም ነበር። ሶስት መቶ አስራ ሁለት ወንበር ደረደርኩ። አንዱ ገጣሚ «አጭር ናት» ብሎ ወጥቶ አርባ ደቂቃ ቆመ! አዲሱ የጥበባት መምህር እንኳ በኮፍያው ተከልሎ ሲያዛጋ አይቼዋለሁ። ባለ ኮፍያው ነው የምንለው፤ ሲተኛም የሚያወልቃት አይመስለኝም።

ስለ አባትሽ ለጠየቅሽኝ። ደብዳቤዎችሽን ያነባል። አንብቦ አጥፎ ትራሱ ስር ያደርጋቸዋል። «መልስ ጻፍላት እንጂ» ስለው ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው ነው የሚያዞረው። ወንድሜ ሆነ እንጂ በጥፊ ባልኩት።

ሌላም አለ። ሶስት ጊዜ ጽፌ የቀደድኩት ነገር። ልደብቅሽ ነበር፣ በኋላ ግን ልጁ ናት፣ ማወቅ አለባት ብዬ ቆረጥኩ። አባትሽ ይስላል። ከጀመረ ሁለት ወር አለፈው። ከነጋ እስኪመሽ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ይስላል። አንዴ ከያዘው አያቆምም፤ «ተው፣ ትንሽ እረፍ» ብለው አይሰማኝም። ጎረቤቱ ሁሉ እየወጣ ያየዋል። «ለልጄ እንዳትነግሪያት» ብሎኛል፤ ይኸው ነገርኩሽ። ከእንግዲህ ያንቺ ነገር ነው።

እቴቴሽ

ወሩ በገባ በ5ኛው ቀን

እቴቴዬ፣

ደብዳቤሽን ያነበብኩት ፋብሪካው ውስጥ፣ ቀለም መቀላቀያው ክፍል ቆሜ ነው። እንባዬ ሲወርድ አለቃዬ አየና «ቀለም ዓይንሽ ውስጥ ገባ እንዴ?» ብሎ በውሃ ሊያጥበኝ ሮጠ። ስታጠብና ሳለቅስ ዋልኩ። አባዬ ይሥላል! እስቲ ደግመሽ ጻፊልኝ።

አንቺ ታውቂያለሽ ምን ተሸክሜ እንደምኖር። ሠላሳ ዓመት የኮሌጁን በር ሁሉ፣ ባነሩን ሁሉ በእጁ የጻፈ ሰው ነው። ያን ቀን የተማሪዎች ተወካይ ሆኜ ስብሰባ ተቀምጬ «ባነሩ በእጅ መጻፉ ይቀጥል ወይስ የማተሚያ ማሽን ይገዛ?» ሲባል ለማሽኑ የመጀመሪያዋን እጅ ያወጣሁት እኔ ነኝ። አባዬ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። በማግሥቱ ብሩሾቹን አጥቦ በጋዜጣ ጠቀለላቸው። ከዚያ ወዲህ ብሩሽም አልያዘም፣ እኔንም አላናገረኝም። ሦስት ዓመት ሙሉ «የአባቴን እጅ የሰበርኩት እኔ ነኝ» እያልኩ ነው የምተኛው።

እና ይሥላል! ለምን «እንዳትነግሪያት» እንዳለሽ ገብቶኛል፤ ኩራቱ ነው። ግድ የለም፣ ይኩራ። ግን እባክሽ ምን እንደሚሥል ጻፊልኝ። ሰው ነው? ዛፍ ነው? ትልቅ ነው ትንሽ?

በአውቶቡስ ሾፌሩ እጅ አንድ ሳጥን ልኬአለሁ። አሥራ ሁለት ቆርቆሮ የዘይት ቀለምና አንድ ጠርሙስ ማቅጠኛ ነው። ከእኔ ነው አትበዪው። ከኮሌጁ ነው በይው።

ሚጣ

ወሩ በገባ በ8ኛው ቀን (ያልተላከ)

ሚጣዬ፣

ይህቺን አልልካትም። እንዲወጣልኝ ብቻ ነው የምጽፋት።

ጉድ ሰራሁ! አባትሽ ስእል አልጀመረም። አባትሽ የሚስለው ሳል ነው፣ ልጄ። ኡሁ ኡሁ የሚባለው! ደረቱን ነው ያመመው።

እኔ ሰ ሲባል እድሜ ልኬን የማውቀው እሳቱን ሰ ነው። ንጉሱ ሠ ለምን እንደተፈጠረ አስተማሪዬም በወጉ አልነገረኝም። አንቺ ደግሞ «እቴቴ ሁሉንም በእሳቱ ነው የምትጽፈው» ብለሽ ደስ ያለሽን መርጠሽ አነበብሽ። መልስሽ ላይ በዚያ በንጉሱ ሠ አሳምረሽ ስትጽፊው ነው ነገሩ የገባኝ፤ ወንበሩ ላይ ዘጭ አልኩ። ሳጥኑን ያወረደው ሾፌር «ውሃ ላምጣልሽ?» አለኝ።

አሁን ምን ብዬ ልጻፍልሽ? «አባትሽ ብሩሽ አልነካም፣ ታሟል» ልበልሽ? ሸክምሽ በወረደልሽ በሶስተኛው ቀን መልሼ ልጫንብሽ? ኧረ ሆድ ይፍጀው።

ትናንት «ሀኪም ቤት እንሂድ» ብዬ ለመንኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ስራዬን ጨርሻለሁ። ለምኑ ብዬ ነው የምድነው?» አለኝ። ወጥቼ አዳራሹ ሄድኩና ወንበር ቆጠርኩ፤ ሲጨንቀኝ ወንበር ነው የምቆጥረው። አንድ ጎደለብኝ። ሁለቴ ቆጥሬ ጎደለብኝ። ለካ ተቀምጬበት ኖሯል።

ወሩ በገባ በ9ኛው ቀን

ሚጣዬ፣

ሳጥኑ በሰላም ደርሷል። እግዜር ይስጥሽ። ለጊዜው ወንበር ማስቀመጫው ክፍል ቆልፌበታለሁ፣ ለምን አትበዪኝ።

ምን ይስላል ላልሽው፣ እንጃ ልጄ፣ እኔ የዚህ እውቀት የለኝም። ትልቅ ነው ወይ ላልሽው፣ ትልቅ ነው። እንዲህ ያለ ትልቅ አይቼ አላውቅም። ጮክ ያለ ነገር ነው። ጠዋት ጠዋት ይብስበታል። ሰው ሲያየው ያፍራል፣ ሊያቆመውም ይሞክራል፣ ግን አይሆንለትም። ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ።

ይልቅ የኮሌጁን ልንገርሽ። ለመዝጊያው ቲያትር ከመድረኩ ጀርባ የሚሰቀል ሸራ ያስፈልጋል፤ አንድ መንገድ፣ ቤቶች፣ አንድ ትልቅ ዛፍ ያለበት። ያ ማሽን ደግሞ ሰፊ አያትምም። ስምንት ቦታ ቆራርጦ አተመውና ልጆቹ ሲያጋጥሙት አንዱ ቤት በር የለው፣ ሌላው ሶስት በር አለው፣ ዛፉ ግንዱ ከቅጠሉ ተለያይቶ ሰማይ ላይ ቆሟል! ባለ ኮፍያው አይቶ ኮፍያውን አወለቀ። ራሰ በራ ነው ለካ።

«ወንድምሽ ድሮ ብሩሽ ይይዝ ነበር ይባላል» ብሎ ለመነኝ። እኔ ምን አባቴ ልበለው? «ራስህ ጠይቀው» አልኩት።

እቴቴሽ

ወሩ በገባ በ13ኛው ቀን

እቴቴ፣

ይቅርታ፣ አጭር ነው የምጽፈው፣ እረፍት ላይ ነኝ። ለመዝጊያው ቀን እንድመጣ አለቃዬን ፈቃድ ጠየቅሁት። «ምን ገጠመሽ?» ሲለኝ «አባቴ ሠዓሊ ነው፣ ሥራው ላይ ነው» አልኩት። እንዲህ ብዬ ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ደግሜ አልኩት።

ግን «ጮክ ያለ ነገር» ምን ማለት ነው? ቀይ በዝቶበታል ማለትሽ ነው? ለምንስ ቀለሙን ቆለፍሽበት? እቴቴ፣ አንቺ ነገር ስትደብቂ ጽሕፈትሽ ወደ ላይ ይወጣል፤ ያለፈው ደብዳቤሽ ከመስመሩ ወጥቶ ጣሪያ ሊነካ ነው። የሆነ ነገር አለ። ንገሪኝ።

ሚጣ

ወሩ በገባ በ17ኛው ቀን

ሚጣዬ፣

ተቀምጠሻል? ካልተቀመጥሽ ተቀመጪ። ደህና ነው፤ መጀመሪያ ይህን ያዢልኝ፣ አባትሽ ደህና ነው። ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን ስደቢኝ።

«ይስላል» ብዬ የጻፍኩልሽ ሳሉን ነበር። ስእል አልነበረም። በእሳቱ ሰ ጻፍኩት፣ አንቺ ደስ ብሎሽ መለስሽልኝ፣ እኔ ደግሞ ደስታሽን ለመንጠቅ ወኔ አጣሁ። «ቀይ በዝቶበታል ወይ?» የምትለዋን ሳነብ ደም ነው የታየኝ። ሄጄ መሀረቡን ገልጬ አየሁ። ነጭ ነው፤ ተመስገን።

አሁን ከስር ከመሰረቱ ልንገርሽ። ባለ ኮፍያው ለምኖ ለምኖ በ10ኛው ቀን አዳራሽ አመጣው። አባትሽ «አልሰራም፣ አይቼ እሄዳለሁ» ብሎ ከኋላ ተቀመጠ። ልጆቹ ይለማመዳሉ፣ እሱ ይስላል። አንዷ ተዋናይ «ደህና ሁን፣ ከእንግዲህ አንተያይም» የምትል ናት፤ «ደህና ሁን» ትልና ሳሉ እስኪያልፍለት ቆማ ትጠብቀዋለች። ኋላ የማሽኑን ሸራ ቀና ብሎ ሲያይ፣ ልጄ፣ ሳቀ። ከስንት ጊዜው! «ዛፉን ማን ገደለው?» አለ። ሳቁ ወደ ሳል ዞረ፣ ሳሉ ወደ ሳቅ።

ተነስቶ ሊወጣ ሲል ወንበር ማስቀመጫው በር ላይ ቆመ። አሸተተ። «እዚህ ውስጥ የዘይት ቀለም አለ» አለ። የዚህ ሰውዬ አፍንጫ! «ክፈቺ» አለኝ። «አልከፍትም» አልኩት። «የኮሌጁ ነው?» «የልጅህ ነው» አልኩት፤ አመለጠኝ፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እጁን በሩ ላይ አደረገ። ያኔ ነው ብልሀቱ የመጣልኝ። ቁልፉን ካንገቴ አውጥቼ አሳየሁትና «ሀኪሙ ደረትህን ካላየ ይህ በር አይከፈትም» አልኩት። ምን ያላለኝ አለ! አሮጊት፣ ዘበኛ፣ እልኸኛ። ሶስት ቀን አኮረፈኝ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ደጃፌ ላይ ቆሞ አገኘሁት። «የት ነው ያልሽው ሀኪም ቤት?» አለኝ። ጫማዬን እንኳ በወጉ አላደረግሁም።

ደረቱን በራጅ አነሱት። ውጤቱ ትናንት መጣ። ሳንባው ቆስሏል፤ የቆየ ነው። ግን ያ የምንፈራው ክፉው አይደለም። በመድኀኒት ይድናል ብሎናል ሀኪሙ፣ ሁለት ጊዜ አስደግሜዋለሁ። አንድ ነገር ግን አጥብቆ ከልክሎታል፤ የዘይት ቀለምና ማቅጠኛ በአፍንጫው እንዳይዞር ብሏል። ይኸውልሽ እንግዲህ! ቁልፍ ይዤ አባብዬ የወሰድኩት ሰውዬ ያችኑ ቀለም ተከለከለ። ስንወጣ «ሸወድሽኝ» አለኝ፤ ከዚያ ትንሽ ሄድ ብሎ ምን አለ መሰለሽ? «ያቺ ልጅ የምትሰራበት ፋብሪካ የውሃ ቀለም የለውም ወይ?»

ያቺ ልጅ አንቺ ነሽ። ይቅር በይኝ።

እቴቴሽ

ወሩ በገባ በ20ኛው ቀን

እቴቴ፣

ተናድጄብሻለሁ። መጀመሪያ ይህን ልጽፍና ይውጣልኝ። አባቴ ሁለት ወር ሲያስለው «ትልቅ ነው፣ ጮክ ያለ ነው» እያልሽ ትጽፊልኛለሽ! አንድ ሌሊት አልቅሼ አደርኩ። ጠዋት ደብዳቤዎችሽን ከመጀመሪያው አንሥቼ ሳነባቸው ግን አንድም ውሸት የለባቸውም። «ሰው ሲያየው ያፍራል» የምትለዋ ጋ ስደርስ እያለቀስኩ ሳቅሁ። ምን ላድርግሽ አንቺን?

አራት ባልዲ የውሃ ቀለም በሾፌሩ እጅ ልኬአለሁ። ሽታ የለውም፤ ራሴ አፍንጫዬን ከትቼ አሽትቼዋለሁ። አረንጓዴውን ሦስት ጊዜ ደፍቼ ነው የቀላቀልኩት። ማቅጠኛውን ጠርሙስ ዛሬውኑ ከዚያ ክፍል አውጪልኝ።

ፈቃዱ ተፈቅዶልኛል። የአውቶቡስ ትኬት ግን አልቆረጥኩም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ፈራሁ። ይሥላል ስትዪኝ «ይቅር ብሎኛል» ብዬ ነበር የተረጎምኩት። አሁን ያ ይቅርታ የእኔ የንባብ ስህተት ሆኖ ቀረ። ብመጣና ሲያየኝ ያ ስብሰባ ትዝ ብሎት ብሩሹን ቢያስቀምጥስ? አሁን ደግሞ መድኃኒቱም ሥራውም አንድ ላይ ተያይዘዋል፤ አንዱን ካቆመ ሌላውንም ያቆማል። እኔ ሁለተኛ ጊዜ የምሰብረው ነገር እንዲኖር አልፈልግም።

ስለዚህ አንድ ነገር አድርጊልኝ። በቃሌ፣ እኔ እንዳልኩት ጠይቂው፦ «ያን ቀን እጄን ስላወጣሁ ይቅር ብለኸኛል ወይ?» አዎ ካለ እመጣለሁ። ፊቱን ወደ ግድግዳ ካዞረ ደግሞ አልቀየምም፤ ቀለም እልካለሁ።

ሚጣ

ወሩ በገባ በ24ኛው ቀን

ሚጣዬ፣

በመጀመሪያ፣ ባልዲዎቹ ደርሰዋል፣ ጠርሙሱም ወጥቷል። መድኀኒቱን ፊቴ ነው የሚውጠው፤ «ምላስህን አውጣ» ብዬ አያለሁ። ሳሉ ሙልጭ ብሎ አልጠፋም፣ ግን ያቺ ተዋናይ አሁን «ደህና ሁን፣ ከእንግዲህ አንተያይም» ብላ ሳትቆም ትጨርሳለች።

ሸራውን አዳራሹ ወለል ላይ አንጥፎ ነው የሚሰራው። ወንበሮቼን ሁሉ ግድግዳ ለግድግዳ አስደግፎብኛል። የመጀመሪያው ቀን ቀጭኗን ብሩሽ አነሳና አየሁት፤ እጁ ይንቀጠቀጣል። ህመሙ ነው አልኩ። አስቀመጣትና ወለል የምወለውልበትን ባለ ረጅም እጀታ ብሩሽ ቀማኝ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ቆሞ ከትከሻው እየወዘወዘ ይቀባል። ዛፉ እያደገ ነው። በሮቹም ለየቤታቸው አንድ አንድ ደርሷቸዋል። ወለሌን በምን እንደምወለውለው ግን የጠየቀኝ የለም።

ትናንት ጠየቅሁት። አንቺ እንዳልሽው፣ ከወረቀቱ ላይ አነበብኩለት። «ይቅር ብለኸኛል ወይ» ጋ ስደርስ ወረቀቱን ከእጄ መነጨቀኝ። ራሱ አነበበው። ደግሞ አነበበው። ፊቱን ወደ ግድግዳ እንዳያዞር ዙሪያው ወንበር ነው። አንዱ ላይ ቁጭ አለ።

«ምን ልበላት?» አልኩት።

«አንቺ ምንም አትበያት» አለኝ። «ወረቀት ስጪኝ።»

ሰጠሁት። ጽፎ አሽጎታል፤ ነገ ለሾፌሩ እሰጠዋለሁ። እንዳላነብበው አስምሎኛል። ይኸው መብራት ላይ እንኳ አልያዝኩትም፤ ለእኔ ይህ ቀላል አይደለም።

እቴቴሽ

ወሩ በገባ በ24ኛው ቀን

ልጄ፣

ደብዳቤ ከጻፍኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። መስመሬ ጠማማ ቢሆንብሽ እለፊልኝ።

ይቅር የምልሽ ነገር የለኝም። ይቅር የምትዪኝ አንቺ ነሽ። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

ከዚያ ስብሰባ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ቀኝ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የቤተ መጻሕፍቱን በር ስጽፍ አንዲቱን ፊደል አራት ጊዜ ፍቄ ጻፍኳት። ሠላሳ ዓመት ያለ ማስመሪያ የጻፍኩ ሰው፣ ማስመሪያ ይዤም አልቀና አለኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ለእኅቴም፣ ለአንቺም። ከዚያ ለኮሌጁ አስተዳደር ማመልከቻ አስገባሁ፤ ለባነር ሥራ ማተሚያ ማሽን ቢገዛ ይሻላል ብዬ። በገዛ እጄ ጻፍኩት፣ ፈረምኩበት፣ ስሜ በስብሰባው እንዳይነሣም ለመንኳቸው። አልተነሣም። ያ ስብሰባ የተጠራው በእኔ ማመልከቻ ነው።

በሩ ላይ የቆምኩት ውሳኔውን ልሰማ ነበር። አንቺ እጅሽን ስታወጪ ተገላገልኩ አልኩ። ሲያልቅ ግን ሰዉ ከበበኝና «አይ የዛሬ ልጅ! የገዛ አባቷን!» ይለኝ ጀመር። ዝም አልኩ። እጄ ከዳኝ ብዬ ከምናገር፣ ልጄ ጣለችኝ ሲባል መስማቱ ቀለለኝ። ይህን የሚያህል ክፋት በዕድሜዬ ሠርቼ አላውቅም። ማታ እያለቀስሽ ስትመጪ ፊቴን ያዞርኩት ተቆጥቼ አልነበረም፤ አፍሬ ነው። ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ነገው ሦስት ዓመት ሆነ፣ አንቺም ራቅሽ፣ ደብዳቤሽ በመጣ ቁጥር «ይቅር በለኝ» ይላል፣ እኔም አጥፌ ትራሴ ሥር አደርገዋለሁ። በላዩ ላይ ነው የምተኛው። እንቅልፍ ግን አልነበረም።

እጄ ዛሬም ይንቀጠቀጣል። ፊደል ከእንግዲህ አይሆንልኝም፣ እሱን ተሰናብቼዋለሁ። ቅጠል ግን ቀጥ በል የሚለው የለም። ቢንቀጠቀጥ ያምርበታል እንጂ። አረንጓዴሽ ጥሩ ነው፤ ሰማያዊው ትንሽ ከብዷል፣ ለሚቀጥለው ነጭ ጨምሪበት።

መዝጊያው በ30ኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። መምህሩ ከቲያትሩ በፊት ስለ ሸራው እንድናገር ጠይቆኛል። እናገራለሁ፤ ግን ስለ ሸራው አይደለም። ማመልከቻውን ማን እንደጻፈው እናገራለሁ። ያኔ አንቺን ያሙሽ ሰዎች ዛሬም በዚያው አዳራሽ ነው የሚቀመጡት፤ ይስሙት። አንቺ እዚያ ሳትኖሪ ከተናገርኩት ግን ግማሽ ይሆንብኛል።

ለመልሱ አትቸኩዪ። ለመምጣቱ ግን ቸኩዪልኝ።

አባትሽ